የብልት ባክቴሪያዎችና የማህፀን በር ካንሰር፦ መንስኤ ወይስ አጋዥ?

ጠያቂያችን የ34 ዓመት ሴት ናቸው። በኤች ፒ ቪ (በግንኙነት የሚተላለፍ ቫይረስ) ምርመራ ለካንሰር በከፍተኛ ደረጃ ከሚያጋልጡት፣ ግን ከቁጥር 16 እና 18 ውጭ የሆነ ዓይነት ተገኝቶባቸዋል። የሴል ምርመራቸው (ፓፕ ስሚር) ጤናማ ነው። ባለፈው አንድ ዓመት ለባክቴሪያል ቫጂኖሲስ (የብልት ባክቴሪያዎች ሚዛን ተዛብቶ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ሲያስከትል) ሦስት ጊዜ ታክመዋል፤ ሽታው ግን እየተመለሰ አስቸግሯቸዋል። «የብልት ባክቴሪያ ሲዛባ የማህፀን በር ካንሰር ይመጣል የሚል አነበብኩ። ፕሮባዮቲክ (ጠቃሚ ባክቴሪያ የያዘ እንክብል) ልጀምር? የማይክሮባዮም (የብልት ባክቴሪያዎች ስብስብ) ምርመራስ ላሠራ?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

አጭሩ መልስ ይህ ነው፦ ካንሰሩን የሚያመጣው ቫይረሱ እንጂ ባክቴሪያዎቹ አይደሉም። ባክቴሪያዎቹ ድርሻ ያላቸው የሚመስለው ቫይረሱ ቶሎ ይጠፋል ወይስ ይሰነብታል በሚለው ላይ ነው። ልዩነቱ ጥቃቅን ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ገንዘብዎንና ጊዜዎን የት ላይ እንደሚያውሉ የሚወስነው እሱ ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ እመልሳለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከ200 በላይ ከሆኑት የኤች ፒ ቪ ዓይነቶች መካከል ከፍተኛ አጋላጭ ተብለው የሚመረመሩት 14 ያህሉ ናቸው። ከነዚህ ውስጥ 16 እና 18 ብቻቸውን 70 በመቶ ለሚሆነው የማህፀን በር ካንሰር ተጠያቂ ናቸው። ጀርመናዊው ሃራልድ ሱር ሃውዘን በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሁለቱን ዓይነቶች ከካንሰር ናሙና ለይቶ በማውጣት ላደረገው ሥራ በ2008 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። ቫይረሱ ሴሉን እንዴት እንደሚያበላሽም በደንብ ይታወቃል። ኢ6 የተባለው ፕሮቲኑ የተበላሸ ሴል እንዳይባዛ የሚቆጣጠረውን ፒ53 ያስወግዳል፤ ኢ7 ደግሞ የመባዛት ፍሬን የሆነውን አር ቢ የተባለ ፕሮቲን ያሰናክላል። ይህን ሥራ የሚሠራ የብልት ባክቴሪያ የለም። ስለዚህ ቢ ቪ (ባክቴሪያል ቫጂኖሲስ) ያለባት፣ ከፍተኛ አጋላጭ ኤች ፒ ቪ ግን ኖሮባት የማያውቅ ሴት በቢ ቪው ምክንያት ወደ ማህፀን በር ካንሰር አትሄድም።

ነገር ግን ቫይረሱ ከያዛቸው አሥር ሴቶች ዘጠኙ ገደማ በሁለት ዓመት ውስጥ ያለ ምንም ሕክምና ይገላገሉታል። አደጋው የሚጀምረው ቫይረሱ ዓመታትን ሲያስቆጥር ነው። እንደዚያም ሆኖ በሽታ የመከላከል አቅሟ ጤናማ በሆነ ሴት ላይ ወደ ካንሰር ለመድረስ አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጃል፤ ሕክምና ባልጀመረች ኤች አይ ቪ ያለባት ሴት ላይ ግን ከ5 እስከ 10 ዓመት ሊያጥር ይችላል። ታዲያ ዘጠኙን ከአንዷ የሚለየው ምንድን ነው? ማጨስ፣ ኤች አይ ቪ፣ የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብልን ለብዙ ዓመታት መውሰድ፣ ብዙ መውለድና ክላሚዲያ ከቆዩት መልሶች መካከል ናቸው። የብልት ማይክሮባዮም በዚህ ዝርዝር ላይ በቅርቡ የተጨመረ ነው።

ጤናማው ብልት እንዴት አሲዳማ እንደሚሆን ካወቁ የቀረው ይቀልልዎታል። ኢስትሮጅን የተባለው የሴት ሆርሞን የብልት ግድግዳ ሴሎች ግላይኮጅን (የስኳር ክምችት) እንዲያከማቹ ያደርጋል። ሴሎቹ ሲረግፉ ግላይኮጅኑ በአሚሌዝ ኢንዛይም ይሰባበርና የላክቶባሲለስ ባክቴሪያዎች ቀለብ ይሆናል፤ እነሱም ወደ ላክቲክ አሲድ ይለውጡታል። ፒ ኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) ከ3.5 እስከ 4.5 የሚቆየው በዚህ ምክንያት ነው። ከማረጥ በኋላ ኢስትሮጅን ሲቀንስ ሰንሰለቱ ከጫፉ ይበጠሳል፣ ፒ ኤቹም ከፍ ይላል።

በ2011 ዣክ ራቬልና ባልደረቦቹ የ396 ሴቶችን ናሙና በዘረመል ምርመራ አጥንተው የብልት ባክቴሪያዎችን በአምስት ምድብ ከፈሉ። አራቱ ምድቦች እያንዳንዳቸው አንድ ላክቶባሲለስ የገነነባቸው ናቸው፦ ክሪስፓተስ፣ ጋሰሪ፣ ኢነርስ እና ጀንሰኒ። የቀረው፣ አራተኛ ተብሎ የተቆጠረው ምድብ፣ ላክቶባሲለስ የሳሳበትና እንደ ጋርድነሬላ፣ ፕሪቮቴላ፣ ስኒቲያ ያሉ ኦክስጅን የማይሹ ወይም በጥቂቱ የሚበቃቸው ባክቴሪያዎች ተደባልቀው የሚኖሩበት ነው። ይህ ምድብ ምንም ምልክት በሌላቸው ብዙ ጤናማ ሴቶችም ላይ ይገኛል። ስለዚህ የላብራቶሪ ወረቀት ላይ «ምድብ አራት» የሚል ስለተጻፈ ብቻ በሽተኛ ነዎት ማለት አይደለም።

ከላክቶባሲለሶቹ ውስጥ ኢነርስ ለብቻው ሊታይ ይገባዋል፤ ብዙ የተሳሳተ ምክር የሚመነጨው እሱን ከሌሎቹ ጋር ከመቀላቀል ነውና። ክሪስፓተስ ዲ እና ኤል የሚባሉትን ሁለቱንም የላክቲክ አሲድ ዓይነቶች ያመርታል። ኢነርስ የሚያመርተው ኤልን ብቻ ነው፤ በዚያ ላይ የሴል ሽፋን የሚበሳ ኢነሮላይሲን የተባለ መርዝ አለው። ጂኖሙም በጣም ትንሽ ስለሆነ ብዙ ቀለቡን ከአካባቢው ይለቅማል። አንዳንዴ ከጤናማ ሁኔታ ጋር፣ አንዳንዴ ከቢ ቪ ጋር አብሮ ይገኛል፤ ከቢ ቪ ሕክምና በኋላ ቦታውን ቀድሞ የሚይዘውም ብዙ ጊዜ እሱ ነው። በኤች ፒ ቪ ጥናቶች ውስጥ ክሪስፓተስ ከጥሩ ውጤት ጋር ተያይዞ ሲገኝ ኢነርስ ግን ያን ያህል መከላከያ ሆኖ አልታየም። «ላክቶባሲለስ 95 በመቶ» የሚል ውጤት ሲያዩ እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄ «የትኛው?» ሊሆን ይገባል።

የተዛባው ማይክሮባዮም ቫይረሱን እንዴት ይረዳዋል? ኤች ፒ ቪ ሊይዝ የሚፈልገው ከታች ያሉትን የመሠረት ሴሎች ነው፤ ወደ እነሱ የሚደርሰውም በጥቃቅን ጭረቶች በኩል ነው። ከላይ ያለው ዝልግልግ ፈሳሽ የመጀመሪያው አጥር ነው። ክሪስፓተስ በገነነበትና ዲ ላክቲክ አሲድ በበዛበት ፈሳሽ ውስጥ የኤች አይ ቪ ቅንጣቶች ተጠምደው እንደሚቀሩ በቤተ ሙከራ ታይቷል። በቢ ቪ ጊዜ ደግሞ ጋርድነሬላና ጓደኞቹ ሲያሊዴዝ በተባለ ኢንዛይም ይህን ፈሳሽ ይበሉታል፤ ጋርድነሬላ በቫጂኖላይሲን መርዙ የሴል ሽፋን ይበሳል። ቀጥሎ የማያቋርጥ ብግነት ይመጣል። ብግነት የሚያመነጫቸው ኬሚካሎች ዲ ኤን ኤን የመጉዳት አቅም አላቸው፤ ሲሰነብትም ቫይረስ የያዛቸውን ሴሎች ለይቶ የሚያጠፋውን የመከላከያ ሥራ ያዛባል። እስከዚህ ያለው በሴልና በእንስሳ ደረጃ አሳማኝ ነው። በሴቶች አካል ውስጥ እያንዳንዱ እርምጃ ምን ያህል ክብደት እንዳለው ግን ገና በክርክር ላይ ነው።

የመንስኤና የውጤት ቀስቱ ወደ ኋላም ይጓዛል፤ ይህን ነው ታዋቂ ጽሑፎች የሚዘሉት። በ2022 የታተመ ጥናት ኤች ፒ ቪ ራሱ የብልት ሴሎች የሚያመርቷቸውን የመከላከያ ፔፕታይዶች እንደሚቀንስ አሳይቷል። እነዚህን ፔፕታይዶች ደግሞ ላክቶባሲለሶች እንደ አሚኖ አሲድ ምንጭ ይመገቧቸዋል። ስለዚህ ኤች ፒ ቪ ያለባት ሴት ላክቶባሲለስ ሳስቶባት ከተገኘ የትኛው ቀደመ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ሌሎች አደናጋሪ ነገሮችም አሉ፦ አዲስ የወሲብ ጓደኛ ኤች ፒ ቪንም ቢ ቪንም ሊያመጣ ይችላል፤ ሲጋራም ሁለቱንም ያባብሳል። አንድ ጊዜ ብቻ ናሙና ወስዶ «ኤች ፒ ቪ ያለባቸው ሴቶች ባክቴሪያቸው የተዛባ ነው» የሚል ጥናት ይህን ሊፈታ አይችልም።

የተሻሉት ጥናቶች ሴቶችን በጊዜ ሂደት የተከታተሉት ናቸው። በ2014 ሬቤካ ብሮትማንና ባልደረቦቿ ባሳተሙት ጥናት 32 ሴቶች በሳምንት ሁለት ጊዜ ለ16 ሳምንት ናሙና ሰጥተው ነበር፤ ቫይረሱ ፈጥኖ የጠፋው ጋሰሪ በገነነባቸው፣ የዘገየው ላክቶባሲለስ በሳሳባቸው ሴቶች ላይ ነው። ከዚያ በኋላም መካከለኛ ደረጃ ቅድመ ካንሰር ያለባቸው ወጣት ሴቶች ሕክምና ሳያገኙ ሲታዩ ላክቶባሲለስ የገነነባቸው በብዛት እያገገሙ ተገኝተዋል። የጥናቶቹ አቅጣጫ ተመሳሳይ ነው፤ የሴቶቹ ቁጥር ግን ትንሽ ነው። ባክቴሪያን በመቀየር የማህፀን በር ካንሰርን መከላከል እንደሚቻል ያረጋገጠ የሕክምና ሙከራ የለም።

አሁን ወደ እርስዎ ልምጣ። ከሁሉ በላይ ዋጋ ያለው የኤች ፒ ቪ ክትትሉ ነው። የተገኘብዎት 16 ወይም 18 ቢሆን ኖሮ በብዙ አገሮች መመሪያ የሴል ምርመራው ጤናማ ቢሆንም በቀጥታ ወደ ኮልፖስኮፒ (ማህፀን በሩን በማጉያ መሣሪያ ማየት) ይላኩ ነበር። በእርስዎ ሁኔታ ግን ምርመራውን መድገም በቂ ነው፤ ብዙ መመሪያዎች በ12 ወር ይላሉ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ24 ወር ይላል፣ ኤች አይ ቪ ላለባቸው ደግሞ በ12 ወር። ሲደገም ቫይረሱ አሁንም ካለ ኮልፖስኮፒ ይሠራልዎታል። ቀኑን አሁኑኑ ይያዙ። ቫይረሱን የሚያጠፋ መድኃኒት ስለሌለ በመካከል ያለው ጊዜ «ምንም እንዳልተደረገልኝ» ሊያስመስል ይችላል፤ የፕሮባዮቲክ ገበያም የሚያተርፈው ከዚህ ስሜት ነው። ኤች አይ ቪ ተመርምረው የማያውቁ ከሆነ ይመርመሩ፤ ኤች አይ ቪ ያለባቸው ሴቶች በማህፀን በር ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ስድስት እጥፍ ነው። የሚያጨሱ ከሆነ ማቆም ከየትኛውም እንክብል ይበልጣል።

ቀጥሎ ቢ ቪው። መታከም ያለበት ለካንሰር ሲባል ሳይሆን ለራሱ ነው፤ ያስቸግራል፣ በኤች አይ ቪና በሌሎች የአባላዘር በሽታዎች የመያዝ ዕድልንም ይጨምራል። መጀመሪያ ግን በእርግጥ ቢ ቪ ነው ወይ? ሦስት ጊዜ ታክመዋል ማለት ሦስት ጊዜ ተመርምረዋል ማለት አይደለም። በአምሰል መስፈርት ከአራት ነገሮች ሦስቱ መሟላት አለባቸው፦ ቀጭንና ወጥ የሆነ ግራጫማ ፈሳሽ፤ ከ4.5 በላይ ፒ ኤች፤ ፈሳሹ ላይ 10 በመቶ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ሲጨመር የሚወጣ የዓሣ ሽታ፤ በማይክሮስኮፕ ከሚታዩት የግድግዳ ሴሎች ከ20 በመቶ በላይ በባክቴሪያ የተሸፈኑ ክሉ ሴሎች መሆን። ላብራቶሪው በግራም ቀለም የሚሠራ ከሆነ የኑጀንት ነጥብ ይሰጣል፤ ከ0 እስከ 3 ጤናማ፣ ከ4 እስከ 6 መካከለኛ፣ ከ7 እስከ 10 ቢ ቪ ነው።

እዚህ ላይ ስህተት የሚፈጠረው ብዙ ጊዜ በፒ ኤቹ ነው። የወር አበባ ደምና የወንድ ዘር ፈሳሽ ፒ ኤቹን ከፍ ያደርጋሉ፤ ናሙናው ከማህፀን በር አጠገብ ከተወሰደም እንዲሁ፤ ከብልት የጎን ግድግዳ ነው መወሰድ ያለበት። ትሪኮሞናስ የተባለው የአባላዘር ተውሳክም ፒ ኤች ያሳድጋልና አብሮ ይመርመር። ማሳከክ የበዛበትና እንደ እርጎ የቋጠረ ነጭ ፈሳሽ፣ ፒ ኤቹም ከ4.5 በታች ከሆነ፣ ካንዲዳ የተባለውን ፈንገስ ነው የሚያስጠረጥረው፤ የቢ ቪ መድኃኒት የሆነው ሜትሮኒዳዞል እሱን ያባብስ ይሆናል እንጂ አያድነውም።

ከተረጋገጠ የተለመደው ሕክምና ሜትሮኒዳዞል 500 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ በአፍ ለ7 ቀን ነው። አማራጩ 0.75 በመቶ ሜትሮኒዳዞል ጄል፣ 5 ግራም በብልት ውስጥ በቀን አንድ ጊዜ ለ5 ቀን፣ ወይም 2 በመቶ ክሊንዳማይሲን ክሬም፣ 5 ግራም ማታ ማታ ለ7 ቀን። ክሬሙ በዘይት የተሠራ ስለሆነ እየተጠቀሙበት ሳሉና ከጨረሱ በኋላ ለ5 ቀን ኮንዶም ሊያሳሳ ይችላል፤ ይህን ሳይነገራቸው የሚወጡ ብዙ ናቸው። ሽታው በሦስተኛው ቀን ስለጠፋ መድኃኒቱን ማቋረጥ የተለመደ ስህተት ነው።

በትክክል ቢጨርሱትም በአንድ ዓመት ውስጥ ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ላይ ይመለሳል። ጋርድነሬላ ግድግዳው ላይ ባዮፊልም (ተጣብቆ የሚኖር የባክቴሪያ ሽፋን) ይሠራል፤ መድኃኒቱ ላዩን ያጸዳውና ሥሩ ይቀራል። ለሚመላለስ ቢ ቪ ከሙሉ ሕክምና በኋላ ጄሉን በሳምንት ሁለት ጊዜ ከሦስት ወር ላላነሰ ጊዜ መቀጠል አንዱ መንገድ ነው። ሐኪም በብልት የሚገባ 600 ሚሊ ግራም ቦሪክ አሲድ ሊጨምርበት ይችላል። ይህ ግን በአፍ ከተወሰደ መርዝ ነው፤ ለነፍሰ ጡር አይሰጥም፤ ቤት ውስጥ ልጆች ካሉ ይቆለፍበት።

ሌላው መንገድ የወንድ ጓደኛ ሕክምና ነው፤ ቋሚ አጋር ካለዎት ለእርስዎ የሚጠቅመው ይህ ሊሆን ይችላል። ለብዙ ዓመታት «ወንዱን ማከም አይጠቅምም» ይባል ነበር። በ2025 የታተመ በአውስትራሊያ 164 ጥንዶችን ያሳተፈ ሙከራ ይህን ቀየረው። ወንዱ ሜትሮኒዳዞል 400 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ በአፍ፣ 2 በመቶ ክሊንዳማይሲን ክሬም ደግሞ በቀን ሁለት ጊዜ በብልቱ ቆዳ ላይ፣ ሁለቱንም ለ7 ቀን ተጠቅሟል። በ12 ሳምንት ውስጥ ቢ ቪ የተመለሰባቸው ሴቶች ወንዱ ሲታከም 35 በመቶ፣ ሳይታከም 63 በመቶ ነበሩ። የቀድሞዎቹ ሙከራዎች ያልተሳኩት በአፍ ብቻ ስለሰጡ ሊሆን ይችላል፤ ባክቴሪያው ቆዳው ላይም አለና። ሕክምናው በአንድ ላይ ካልሆነና በሳምንቱ ከግንኙነት ካልታቀቡ ድካሙ ከንቱ ነው።

ፕሮባዮቲኩን በተመለከተ፣ ሱቅ ውስጥ ያለው አብዛኛው እንክብል ራምኖሰስ፣ ሮይተሪ ወይም አሲዶፊለስ ነው የያዘው፤ እነዚህ ደግሞ ከብልት ይልቅ በአንጀትና በወተት ተዋጽኦ የሚታወቁ ናቸው። ጥሩ ማስረጃ ያለው ላክቲን ቪ የተባለው፣ በብልት የሚገባ የክሪስፓተስ ዝርያ ነው። በ2020 በታተመው ሙከራ 228 ሴቶች መጀመሪያ በሜትሮኒዳዞል ጄል ታክመው ከዚያ ክሪስፓተስ ወይም ባዶ ዱቄት ተሰጣቸው፤ በ12 ሳምንት ቢ ቪ የተመለሰባቸው 30 በመቶ ከ45 በመቶ ጋር ሲነጻጸር ነው። ልብ ይበሉ፣ መጀመሪያ አንቲባዮቲክ፣ ቀጥሎ ባክቴሪያ። የተለካውም የቢ ቪ መመለስ እንጂ የኤች ፒ ቪ መጥፋት አይደለም። ስለዚህ የአፍ እንክብል ቢወስዱ ጉዳቱ በአብዛኛው ለኪስ ነው፤ በቀጠሮው ቦታ ከተተካ ግን ጉዳቱ ሌላ ነው።

የማይክሮባዮም ምርመራውን አልመክርም። በአንድ ቀን የተነሳ ፎቶ ነው፤ ቅንብሩ በወር አበባ፣ በግንኙነትና በአንቲባዮቲክ ምክንያት በቀናት ውስጥ ይቀየራል። ውጤቱም በመቶኛ ስለሚገለጽ ባክቴሪያው በጠቅላላው ምን ያህል እንደሆነ አይናገርም። ከዚያም በላይ፣ ዩሪያፕላዝማ ፓርቩም የተባለ ባክቴሪያ ወይም ጥቂት ጋርድነሬላ ተገኘ ተብሎ ጤናማ ሴቶች ለማያስፈልግ አንቲባዮቲክ ይዳረጋሉ፤ ያ አንቲባዮቲክ ላክቶባሲለሱን ሊያሳሳ ይችላል፣ ቀጣዩ ምርመራ ደግሞ የባሰ ይመጣል።

ብልትን በውስጥ በኩል መታጠብ ያቁሙ፤ በሳሙናም ይሁን በኮምጣጤ ወይም በሎሚ። አሲድ ስለሆነ ይጠቅማል የሚለው አሳማኝ ይመስላል፤ ነገር ግን የሚታጠበው ላክቶባሲለሱ ራሱ ነው፣ ኮምጣጤው ደግሞ ወዲያው ያልፋል። ነጭ ሽንኩርትና እርጎ ማስገባትም ይቅር። የውጩን ክፍል በውሃ መታጠብ በቂ ነው። የኤች ፒ ቪ ክትባት ያለውን ቫይረስ አያጠፋም፤ ካልያዙዎት ዓይነቶች ግን ሊጠብቅዎት ስለሚችል ሐኪምዎን ይጠይቁ። ከ9 እስከ 14 ዓመት ያለች ልጅ ካለች ግን ክትባቱ ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው ለእሷ ነው፤ ከ2022 ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት ምክር መሠረት በዚያ ዕድሜ አንድ መጠንም ይበቃል።

የመጨረሻው ነጥብ እርስዎን ብቻ የሚመለከት አይደለም። መጥፎ ሽታ ያለው የማያቋርጥ ፈሳሽ ሥር የሰደደ የማህፀን በር ካንሰር ምልክትም ነው፤ የሞተው የዕጢ ክፍል ኦክስጅን ለማይሹ ባክቴሪያዎች ምቹ ስለሚሆን ሽታው ቢ ቪን ይመስላል። በሜትሮኒዳዞል ለጊዜው ሊቀንስም ይችላል፤ ማሳሳቱ እዚህ ላይ ነው። ፈሳሹ ውሃ የመሰለ ወይም ደም የቀላቀለ ከሆነ፣ ከግንኙነት በኋላ፣ በወር አበባዎች መካከል ወይም ካረጡ በኋላ ደም ከታየ፣ ወይም ሁለት ጊዜ በትክክል ታክመው ለውጥ ከሌለ፣ ሦስተኛ ማዘዣ አይቀበሉ። በስፔኩለም (ብልትን ከፍቶ በሚያሳይ መሣሪያ) ማህፀን በሩ በዓይን ይታይ፤ አጠራጣሪ ነገር ካለም የቀደመው ፓፕ ስሚር ጤናማ መሆኑ ባዮፕሲን (ትንሽ ቁራጭ ወስዶ መመርመርን) አያስቀርም።